ለአራስ መርዶ አይነገርም

ፐርዝ፣ አውስትራልያ
መስከረም ፳ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ጸሐይነሽ ወልደ ሥላሴ፣ ቁሐር ሚካኤል

እትዬ፣ ሦስት ወር ሙሉ ዝም ያልኩት ረስቼሽ አይደለም። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ደስ የሚል ወሬ ፈልጌ እያጣሁ ነው። ስድብሽ ደርሶኛል፤ ይገባኛል። አንቺ መቼም ስትሳደቢ ቀለም አትቆጥቢም! "ምላስህን አውስትራልያ በላው ወይ" ያልሽውን ለጓደኞቼ ተርጉሜ ብነግራቸው ሣቃቸው አላቆም አለ።

"ባሕር ተሻግረህ የምትማረው ምንድን ነው? ባሌ ያየህ ስላንተ ሰው ሲጠይቀው መልስ ያጣል" ላልሽው እነሆ። እዚህ አገር ልጁን በሆዱ ኪስ የሚሸከም እንስሳ አለ። ትልቁ ካንጋሮ ይባላል። እኔ የምሠራበት ትንሹን ነው፤ ዋላቢ ይሉታል፤ ከፍየል ያንሳል፤ በሁለት እግሩ እየዘለለ ይሄዳል። ሴቷ ስትወልድ ልጇ ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም። ዓይኑ ሳይገለጥ በእናቱ ጠጉር ላይ እየተሳበ ኪሷ ውስጥ ይገባና ጡት ይይዛል። ባልሽ ይህን ሲሰማ "ፈረንጅ አሞኘው" እንደሚል አውቃለሁ፤ ሚካኤልን እውነት ነው።

እንግዲህ ከአንጎል ሥር የተንጠለጠለች አንዲት ዕጢ አለች፤ በሰውም በላምም አለች። ፒቱታሪ ትባላለች። በዋላቢ የምስር ፍሬ ታህላለች ብትይ ነው። እንስሳው ሲደነግጥ ወይ ሲጠማ ወይ ሲቆስል ይቺ ዕጢ በደም ውስጥ መልእክት ትልካለች። መልእክቱ ከኩላሊት በላይ ወዳለች ሌላ ዕጢ ይደርሳል፤ ያቺኛዋ ደግሞ ገላው መከራውን እንዲችል የሚያደርግ ነገር ታፈልቃለች። የፈለቀው ሲበቃ ወደ ላይ ተመልሶ "በቃ፣ ተይ" ይላታል፤ ያን ጊዜ እንስሳው ይረጋጋል። በበግ እንዲህ መሆኑ ይታወቃል። ባለ ኪሶቹስ እንደ በግ ናቸው ወይስ ሌላ ሥርዓት አላቸው? የኔ ጥያቄ ይኸው ነው።

ችግሬን ደግሞ ልንገርሽ። መጀመሪያ ሳይደነግጡ በደማቸው ያለውን መጠን ማወቅ አለብኝ። እኔ ግን ገና የበረቱን በር ስነካ ይራወጣሉ፤ ከማን የተረጋጋ ደም ልውሰድ? ባለፈው ወር አንዷን ሳባርር ልጇን ከኪሷ ጥላ ሮጠች፤ ልጁም ሞተ። ሦስት ቀን እህል አላሰኘኝም። ፕሮፌሰሩ "እስከ ጥር መጨረሻ ካልተሳካልህ ሌላ ርእስ ይዘህ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ" ብለውኛል። ሁለት ዓመቴን ውኃ በላው ማለት ነው።

አንቺስ? ሆድሽ ገፍቷል፣ መቼም ይህ ሲደርስሽ ሳትወልጂ አትቀሪም። እናታችን ካረፈች ጀምሮ እናቴም እኅቴም አንቺ ነሽና ራስሽን ጠብቂልኝ። ለአባባ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በይልኝ። እንዴት ናቸው? ስለሳቸው ሁልጊዜ በአንድ መሥመር ታልፊያለሽ።

ወንድምሽ አዛናው

*

ቁሐር ሚካኤል
ኅዳር ፳ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአዛናው፣ ዝርያው ላልለየለት እንስሳ እረኛ

እሰይ፣ እንኳን ምላስህ ተገኘ! ደብዳቤህን ለያየህ አነበብኩለት። የባቄላውን ነገር ሲሰማ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ብሎ ሄደ። ማታ ግን ተመልሶ "እስቲ ያን ድገሚልኝ" አለኝ። ለጎረቤቱ ሁሉ የሚያወራው አሁን እሱን ነው።

በጥቅምት ፳፫ ቀን በሰላም ተገላገልኩ። ሴት ናት። አፍንጫዋ ያንተን ነው፤ ምን ይደረግ። በሰማንያ ቀኗ ጥር ፲፪ ክርስትና ትነሣለች፤ እስከዚያ ስም የላትም፤ እኔ ግን በልቤ አውጥቼላታለሁ፤ አልነግርህም።

አሁን ደግሞ ለሰው የማላወራውን ለአንተ ላውራ። ወተቴ እየቀነሰ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ልጄ ጠብታ ይተርፋት ነበር። ከሚካኤል በዓል ወዲህ ጡቴ እንደ ባዶ ቅል ሆነ። አማቴ እማማ ይርገዱ አጥሚቱን በአጥሚት ላይ ያጠጡኛል፤ አብሹም አልቀረኝም፤ "ከአራስ ቤት ስትወጪ ወንዛዬ ፍልውሃ እወስድሻለሁ" ይላሉ። የመጀመሪያ ልጄን እንዴት እንዳጣሁት ታውቃለህ። ያኔ የያየህን ወንድም መርዶ በዐሥረኛው ቀኔ ነገሩኝ፤ ጮኽኩ፤ በሦስተኛው ቀን ወተቴ ነጠፈ፤ ልጄም በወሩ ሄደ። ይህቺንም እንዳላጣት ነው ፍርሃቴ። አንተ ስለ ዕጢ የምትማር ከሆነ ምን ላድርግ? ቶሎ መልስልኝ፤ አታሾፍብኝ።

አባባ እንዴት ናቸው ላልከው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ናቸው። ኅዳር ፲፭ ቀን መጥተው ሕፃኗን መርቀውልኝ ሄዱ። ዓይናቸው ስለ ደከመ መጻፉን ለኔ ትተውታል። ከወንድ ተማሪዎቻቸው ጋር ፊደል ሲያስቆጥሩኝ "ጽሕፈትሽ የዶሮ ጭረት ነው" ይሉኝ ነበር፤ ይኸው የዶሮ ጭረት ቀረልህ።

የእንስሳህን ነገር ሰምቼ ግን አፈርኩብህ። የፎገራ ልጅ አይደለህም? ዳልቻ የምትባለውን ላማችንን ረሳሃት? ያ ቅጥር ሞያተኛ በዱላ መቷት ወተቷን የያዘች ጊዜ ያየህ ምን አደረገ? የማለቢያ ጮጮውን ሳይዝ፣ ጥጃውን ሳይፈታ ሁለት ሳምንት እግሯ ሥር ተቀመጠ። አንገቷን አከከ፣ ስሟን ጠራ፣ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት ጥጃውን ለቀቀላት፤ ከዚያ በኋላ ነው ጮጮውን ያነሣ። አንተ በመጀመሪያ ቀን መርፌ ይዘህ ትገባለህ፤ እኔም ብሆን እሮጣለሁ። መርፌህን ደጅ ትተህ ግባ።

እኅትህ ጸሐይነሽ

*

ፐርዝ
ታኅሣሥ ፲፭ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ፣ ለአራሷ!

እልል! ማርያም በሽልም ታውጣሽ ማለቱ አልፎበት እንኳን ማርያም ማረችሽ ለማለት አበቃኝ። አፍንጫዋ የኔ ከሆነ የምታገባውን ሰው እግዚአብሔር ይርዳው። ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ስጨፍር የጎረቤቴ ተማሪ ግድግዳ ደበደበ።

አሁን ሳላሾፍ ልመልስልሽ። ወተትሽ ነጠፈ አትበዪ። ወተት መሥራትና ወተት ማውረድ ሁለት ነገር ነው። ሁለቱንም የምታዝዘው ያቺው የነገርኩሽ ዕጢ ናት። ሕፃን ሲጠባ ከኋላ ክፍሏ የሚወጣ መልእክት ወተቱን ወደ ጡት ጫፍ ይገፋዋል። ድንጋጤ ወይ ጭንቅ ሲኖር መልእክቱ ይቀራል፤ ወተቱ ውስጥ እያለ ይያዛል። ዳልቻ ያደረገችው እኮ ይኸው ነው! ተይዞ ሲቆይ ግን መሠራቱም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሕፃኗን ከጡትሽ አትለያት። ባይወርድም በየጊዜው አስይዣት፣ ከሁለቱም ጡት። ሌላ ነገር ከመስጠትሽ በፊት መጀመሪያ ጡት ስጫት። በሞቀ ጨርቅ ጡትሽን ያዥው፤ ጠያቂ ይቅርብሽ፤ የምትወጂው ሰው ብቻ አጠገብሽ ይሁን።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ከሚካኤል በዓል ወዲህ ነው ያልሽው። ያን ሰሞን ያስደነገጠሽ ነገር ነበር? ከብት ታሞ ነው? ከእማማ ይርገዱ ጋር ተጣላሽ? ለኔ ብትነግሪኝ ለማንም አላወራም፤ ለማን አወራለሁ?

ምክርሽን ሠራሁበት። መርፌዬን ትቼ በየቀኑ በረት ውስጥ ዳዊት እየደገምኩ እቀመጣለሁ፤ ዛሬ ዐሥረኛ ቀኔ ነው። መጀመሪያ ከጥግ ጥግ ይዘሉ ነበር፤ አሁን አንዱ ጫማዬን ያሸታል። ፕሮፌሰሩ በመስኮት አይተውኝ "ምን እያደረግህ ነው?" ቢሉኝ "በአገራችን እንዲህ ነው የሚታለበው" አልኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ፤ በማግሥቱ ግን ራሳቸው ወንበር አስገቡልኝ።

አንድ ልመና አለኝ። አባባ በገዛ እጃቸው አንድ መሥመር ይጻፉልኝ። ዓይናቸው ቢደክም፣ ፊደሉ ቢጣመም ግድ የለኝም። "ልጄ" የሚለውን ብቻ ቢጽፉልኝ ከመጽሐፌ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ይህን ፈተና የእጃቸውን ጽሕፈት ሳልይዝ ማለፍ አልፈልግም።

አዛናው

*

ቁሐር ሚካኤል
ታኅሣሥ ፳፭ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ወንድሜ አዛናው፣

መልስህ ሳይደርሰኝ ደግሜ መጻፌ ቸኩዬ ነው። ሕፃኗ ከስታለች። ማልቀሱንም ተወችው፤ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። የላም ወተት በውኃ አቅጥነን ጥጥ ነክረን እናጠባታለን፤ ግማሹን ትተፋዋለች። እማማ ይርገዱ ሲያለቅሱ እንዳላያቸው ከቤት ይወጣሉ። ያየህ ከብቶቹን አስሮ ደጅ ቁጭ ብሎ ይውላል፤ ሥራ የለህም ወይ ስለው "ደክሞኝ ነው" ይለኛል።

እኔን ሁሉም ሰው "ጠንካራ ናት" ይለኛል። እውነት ነው፤ ከወለድኩ ጀምሮ አንድ ቀን እንባ አልወጣኝም። እበላለሁ፤ ሲያጫውቱኝ እስቃለሁ። ለዚህች ልጅ ስል ጭንቅ ወደ ቤቴ አላስገባም ብዬ ምያለሁ። ታዲያ ወተቱ ለምን አይመጣም? ያኔ ጮኽኩና ነጠፈ፤ አሁን ዝም አልኩና ነጠፈ። ምን ላድርግ፣ አንተ የተማርከው?

አባባ እንኳን ለልደቱ አደረሰህ ብለውሃል።

ጸሐይነሽ

*

ፐርዝ
ጥር ፲፫ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

እትዬ፣

ይህን ከማንበብሽ በፊት ያየህን ጥሪው። አጠገብሽ ይቀመጥ፤ ሕፃኗን እማማ ይርገዱ ይያዙልሽ። ጥሪው አልኩሽ፤ እንዲያው አትለፊው።

ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት አብሮ አደጌ የሐሙሲቱ ደሞዝ ከአዲስ አበባ ጻፈልኝ። የሰማሁ መስሎት "እግዜር ያጥናህ" ብሎ ነው የጀመረው። አባባ ኅዳር ፫ ቀን ዐርፈዋል። ያነበብኩት መተላለፊያ ላይ ቆሜ ነው። የሚያልፈው ሰው ሁሉ "ደኅና ነህ?" ይለኛል፤ "ደኅና ነኝ" እላለሁ። እዚህ አገር ለልቅሶ የሚቀመጡበት ቦታ የለም። ዋላቢዎቹ በረት ገብቼ ገለባው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ደሞዝ ከደብዳቤው ግርጌ "እኅትህ አራስ ስለ ሆነች አልነገሯትም፤ ስትጽፍላት እንዳታነሣው" ብሏል። እኔም ወተትሽን ፈርቼ አፌን ያዝኩ። ትናንት ግን የታኅሣሡ ደብዳቤሽ ደረሰኝና የኅዳሩን ጭምር አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። ያልተነገራት ሰው "ደኅና ናቸው ይሉኛል" ትላለች። አንቺ ግን ከሞቱ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን መጥተው ሕፃኗን መረቁልኝ ብለሻል። ታውቂያለሽ፣ እትዬ። እነሱ ለአንቺ ይደብቃሉ፤ አንቺ ማወቅሽን ለእነሱ ትደብቂያለሽ፤ እኔ ብቻዬን እንዳልደነግጥ ብለሽ ደግሞ ለኔ ትዋሺያለሽ። በሦስት ወገን ተይዘሽ እንዴት አንድ ጠብታ ይውረድልሽ?

ያቺ ልጇን የጣለችው ዋላቢ ትዝ ትልሻለች? እንዳትረበሽ ብለን ከመንጋው ለይተን ብቻዋን አስቀመጥናት። እንደ እሷ ያለ ጭምት የለም። አትዘልም፣ አትሸሽም፣ ከእጄ ትበላለች። ከሁሉ የተረጋጋችው እሷ ናት ብዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት የሁሉንም ደም ለካሁ። የሮጡት፣ ጫማዬን የሚያሸቱት ሁሉ ዝቅ ብለዋል፤ ምክርሽ ሠርቷል፤ ርእሴም ዳነልኝ። የእሷ ግን ከሁሉ በላይ ሆነ። ፕሮፌሰሩ አላምንም ብለው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ያቺ ዕጢ ሳታቋርጥ ትልካለች፤ "በቃ" የሚለው ቃል አልያዛትም። አሁን ወደ መንጋዋ መልሰናታል፤ ምን እንደምትሆን ገና አላውቅም።

ከአንድ እንስሳ ተነሥቶ ስለ ሰው መናገር ነውር ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ይህን የምልሽ እንደ ተማሪ አይደለም። አልቅሺ። ብትጮኺ ይነጥፋል ብለሽ ፈርተሻል፤ ዝምታሽ ግን አላዳነውም። ይመጣል ብዬ ልምልልሽ አልችልም። የምችለው አንድ ነገር ነው፤ እኔን አትጠብቂኝ። አውቄአለሁ፤ አልቅሼአለሁ፤ ቆሜአለሁ። ለኔ ብለሽ ከያዝሽው ልቀቂው።

ወንድምሽ አዛናው

*

ቁሐር ሚካኤል
ጥር ፲፫ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ወንድሜ አዛናው፣

ይህን ደብዳቤ ብቻህን ሆነህ እንዳታነብ። ግድግዳ የሚደበድበውን ጎረቤትህንም ቢሆን ጥራው፤ ቋንቋችንን ባያውቅም እጅህን ይያዝ።

መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። ሽማግሌ ሄዶ በማለዳ፣ ዘመድ ከቦት ነው ለሰው የሚነገረው። አሁን ያየህም ሰዎቹም "ትምህርቱን ጨርሶ ሲመጣ ይነገረው" ይላሉ። ደብዳቤህ ግን በከተራ ዕለት ደረሰኝ፤ "ልጄ የሚለውን በገዛ እጃቸው ይጻፉልኝ" ብለሃል። በስማቸው ሰላምታ ልኬልሃለሁ፤ በረከታቸውን ፈጥሬልሃለሁ፤ እጃቸውን ግን ከየት ላምጣልህ? ወንድሜ፣ አባታችን ዐርፈዋል። ኅዳር ፫ ቀን ነው። ስለ ዋሸሁህ ይቅር በለኝ።

ለኔም አልነገሩኝም። ልቅሶው ከርብ ወንዝ ማዶ በአጎታችን ቤት ነው የተደረገው። እማማ ይርገዱ "አባትሽን ጉንፋን ይዟቸው ነው የማይመጡት" አሉኝ። በሚካኤል በዓል ታቦቱ ወጥቶ ሲዞር ከአልጋዬ ሆኜ ወረቡን ሰማሁት። አርባ ዓመት ሙሉ የመራው የአባባ ድምፅ አልነበረበትም። አባባ በእግራቸው መቆም ቢያቅታቸው እንኳ በሰው ትከሻ ተይዘው ለሚካኤል እንደሚወጡ አንተም ታውቃለህ። ያን ጊዜ ገባኝ። ልጮህ አፌን ስከፍት የሞተው ልጄ ትዝ አለኝና ዘጋሁት። እንደማውቅ ቢያውቁ ደግሞ እነ ያየህ ይጨነቃሉ ብዬ አላወቅሁ መሰልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነን ስልሳ ቀን ከረምን።

ትናንት ልጄን ለክርስትና ይዤ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። የክርስትና ስሟ ወለተ ሚካኤል ነው፤ በልቤ ያወጣሁላት ደግሞ ንግሥቲ። ከቅዳሴ ስወጣ ያየህ በሌላ በኩል ሊያዞረኝ ክንዴን ሳበኝ። እኔ ግን ከምሥራቅ በኩል አዲሱን አፈር አይቼዋለሁ። "ተወኝ፣ አውቃለሁ" አልኩትና ሄጄ ተደፋሁበት። እማማ ይርገዱ ደረታቸውን እየመቱ "እኛኮ ለወተትሽ ብለን ነው" ይላሉ፤ እኔም "እኔም ለሱው ለወተቱ ብዬ ነው" እላለሁ። ተቃቅፈን ጮኽን።

ያየህ ያን ጊዜ ነው የነገረኝ። አባባ ሊያርፉ ሲሉ ቄሰ ገበዙን አስጠርተው "ልጄ አራስ ናት፤ ቤቷም ቅርብ ነው። ስሞት ደወል እንዳይደወል፤ ከበሮም እንዳይመታ" ብለው ገዘቷቸው። አንተ ወንድሜ፣ አርባ ዓመት ያገለገሉ መሪጌታ እንደ መንገደኛ በዝምታ ተቀበሩ! እኔ ደህና እንዳድር ብለው።

ቄሰ ገበዙን እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። "አሁን ከአራስ ቤት ወጥቻለሁ፤ ግዝቱ ተፈጽሟል፤ ደውሉላቸው" አልኳቸው። እሳቸውም እያለቀሱ ገመዱን ያዙት። ሲደወል አገሩ "ማን ሞተ? ማን ሞተ?" እያለ ከማሳውም ከቤቱም እየሮጠ መጣ። በሩ ላይ ቆሜ "አባቴ ሞቱ" አልኳቸው። ሁሉም ያውቁ ነበር፤ ግን ያን ቀን እንደ አዲስ አለቀሱልኝ።

ልቅሶው መሀል ቀሚሴን ከደረቴ ላይ ርሶ አገኘሁት። ንግሥቲን ሰጡኝና እዚያው መቃብሩ አጠገብ ተቀምጬ አጠባኋት፤ ነቅታ ጎረሰችና ስትውጥ ሰማኋት። ዛሬም ጠብታለች፤ ጥቂት ነው፤ ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም።

አሁን የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ፣ ወንድሜ። በዚያ አገር ደወል የሚደውልልህ የለም። ስለዚህ እኔ ቀስ ብዬ ሳይሆን ጮኼ እነግርሃለሁ፤ አባታችን ሞተዋል፤ አልቅስላቸው።

እኅትህ ጸሐይነሽ